በጽሑፍ የሚቀመጥ አንቲቦዲ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በሐርቡ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በቀን ከሚሠሩት የላቦራቶሪ ምርመራዎች ስንቶቹ በአንቲቦዲ ላይ የቆሙ እንደሆኑ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። የእርግዝና ምርመራው፣ የወባ ፈጣን መመርመሪያው፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው፣ ደም ሊለግስ የመጣ ሰው የደም ዓይነቱ የሚለይባቸው ሰማያዊና ቢጫ ፈሳሾች፣ ሁሉም የሚሠሩት አንድን የተወሰነ ነገር ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ነው። እኛ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እነዚህን ዕቃዎች በየቀኑ እንጠቀማለን፤ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥራቸውንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸውንም እንመዘግባለን። ውስጣቸው ያለው አንቲቦዲ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተመረተና በሚቀጥለው ዓመትም ያው ራሱ ሆኖ ይመጣ እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ሪኮምቢናንት አንቲቦዲ ስለሚባለው፣ ከዘረ መሉ ጽሑፍ ስለሚነሣው አመራረት የምጽፈው ይህ ጥያቄ እንደ ወሎ ላለ አካባቢ ከሌላው የበለጠ ይመለከተዋል ብዬ ስለማምን ነው።

አንቲቦዲ ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። በብዛት የምንገለገልበት አይ ጂ ጂ የተባለው ዓይነት የባላ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለቶች ተጣምረው የሚሠሩት፣ ክብደቱም 150 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነ ሞለኪውል ነው። ዒላማውን የሚይዘው በሁለቱ የባላ ጫፎች ነው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከከባዱ ሰንሰለት ሦስት፣ ከቀላሉም ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ትናንሽ ቀለበቶች አሉ፤ አንዱን አንቲቦዲ ከሌላው የሚለዩትም በዋናነት እነዚሁ ናቸው። ቤሪንግና ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከተበ እንስሳ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ሌላውን እንስሳ ከመርዝ እንደሚከላከል ካሳዩ በኋላ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአንቲቦዲ ዋና ምንጭ የእንስሳ ደም ነበር። ጥንቸል ወይም ፍየል ይከተባል፣ ደሙ ይቀዳል፣ ሴረሙ ይለያል። ይህ ሴረም የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ ነው፤ እንስሳው ሲሞት ደግሞ ያ ድብልቅ ዳግመኛ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን በካምብሪጅ ያገኙት ዘዴ ይህን ችግር በእጅጉ አቃለለው። ከተከተበች አይጥ ጣፊያ የተወሰደ ቢ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር ሲዋሃድ፣ ሳያቋርጥ የሚባዛና አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት ሃይብሪዶማ የተባለ ሴል ይገኛል። ሁለቱ ሰዎች ከየርነ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በተገቢው ነው፤ ዛሬም በየላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ያለው አብዛኛው የምርመራ ዕቃ ከዚህ ዘዴ የተገኘ ነው።

ሆኖም ሃይብሪዶማ ሕያው ሴል ነው። የሚኖረው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፤ ናይትሮጅኑ ካለቀ ይሞታል። በተደጋጋሚ ሲራባ ዘረ መሉን የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱም ከተፈለገው ሰንሰለት ሌላ ተጨማሪ ሰንሰለት ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የበርካታ ማዕከላት ጥናት 185 ሃይብሪዶማዎችን መርምሮ ከመካከላቸው ሲሶ የሚሆኑት ተጨማሪ ከባድ ወይም ቀላል ሰንሰለት እንደሚያመርቱ አሳይቷል። አንድ ብቻ ነው ተብሎ የተገዛው አንቲቦዲ በሲሶው ላይ አንድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንቲቦዲው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሴሉ ራሱ ብቻ መሆኑ ነው፤ የቃሪቦ አዘገጃጀቷን ለማንም ሳታሳይ እንዳረፈች ባለሙያ፣ ሴሉ ሲሞት ሙያው አብሮት ይቀበራል።

ወሎ ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ የጤናና የትምህርት ተቋማት ንብረት መዘረፉና መውደሙ ይታወቃል። ማቀዝቀዣ ሲወሰድ ወይም መብራት ለቀናት ሲጠፋ በውስጡ ያለው ናሙናና ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ዕቃው ተተክቶ ሊገዛ ይችላል፤ ሕያው ሆኖ የተቀመጠ ነገር ግን አንዴ ከሞተ በገንዘብ አይመለስም። አንድ ላቦራቶሪ ያለው ሀብት ከማቀዝቀዣው ውጭም ሊኖር የሚችልበት መንገድ ካለ፣ ያንን መንገድ ማወቅ ግዴታችን ነው።

ሪኮምቢናንት አንቲቦዲ የዚህ መንገድ ስም ነው። ሐሳቡ የአንቲቦዲውን ማንነት ከሴሉ አውጥቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። የከባዱ ሰንሰለት ተለዋዋጭ ክፍል (ቀለበቶቹ ያሉበት) 120 ገደማ፣ የቀላሉ ደግሞ 110 ገደማ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሉት፤ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በአንድ ፊደል ስለሚወከል የአንድ አንቲቦዲ ልዩ መታወቂያ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ይህ ጽሑፍ በኢሜይል ይላካል፣ በወረቀት ይታተማል፣ በአሥር አገር ይቀመጣል። ጽሑፉን የያዘ ማንኛውም ላቦራቶሪ ዘረ መሉን አሠርቶ፣ ፕላስሚድ በሚባለው ክብ ዲ ኤን ኤ ውስጥ አስገብቶና በሚያመርት ሴል ላይ ጭኖ ያንኑ አንቲቦዲ ያገኛል። ፕላስሚዱ ራሱ በወረቀት ላይ ደርቆ፣ ያለ በረዶ፣ በተራ ፖስታ ሊላክ የሚችል ነገር መሆኑ እኛ አገር ላለ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው።

የእነዚህ ፊደላት ቅደም ተከተል የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ያለውን ሃይብሪዶማ ማንበብ ነው፤ ከሴሉ አር ኤን ኤ (የዘረ መሉ መልእክት ቅጂ) ይወጣል፣ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፣ ተለዋዋጮቹ ክፍሎች ፒ ሲ አር በተባለው የዲ ኤን ኤ ማባዣ ዘዴ ተባዝተው ይነበባሉ። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ለማዋሃድ የሚያገለግሉት የካንሰር ሴሎች ብዙዎቹ የማይሠራ የቀላል ሰንሰለት መልእክት ከራሳቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ያልተጠነቀቀ ሰው ያንን አንብቦ አንቲቦዲውን ያገኘ ይመስለዋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኝ ቡድን ለነርቭ ጥናት የሚያገለግሉ ብዙ ሃይብሪዶማዎችን በዚህ መንገድ አንብቦ፣ ቅደም ተከተላቸውን ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ፕላስሚዶቹም አድጂን በተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በኩል ይሰራጫሉ። ይህ ሥራ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሃይብሪዶማን ጨርሶ የማይፈልግ ነው። ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባክቴሪያን በሚያጠቃ ፋጅ በተባለ ቫይረስ ላይ የባዕድ ፕሮቲን ቁራጭ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ ግሬግ ዊንተርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዚያው ፋጅ ላይ የአንቲቦዲ ክፍልን አወጡ። እያንዳንዱ ፋጅ በላዩ የያዘውን አንቲቦዲ ዘረ መል በውስጡ ስለሚሸከም፣ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ፋጆች መካከል ዒላማውን የያዘውን አጥምዶ ማስቀረት፣ ያልያዘውን አጥቦ መድፋት፣ የቀረውን አባዝቶ ሥራውን ሁለትና ሦስት ጊዜ መድገም በቂ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2018ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሽ ተጋርተዋል።

አመራረቱን በቅርብ ያየሁት በትምህርት ላይ በነበርኩበት ላቦራቶሪ ነው። ሙሉውን አይ ጂ ጂ ለማምረት የሚመረጡት የአጥቢ እንስሳት ሴሎች ናቸው፤ በብዛት የሚታወቁትም ከሰው ፅንስ ኩላሊት የተገኘው ሄክ 293 እና ከሃምስተር እንቁልጢ የተገኘው ሲ ኤች ኦ ናቸው። ፕላስሚዱ ፖሊኤቲሊኒሚን ከተባለ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ በሴሎቹ ላይ ይጨመራል፤ ሴሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት በ37 ዲግሪ እየተወዘወዙ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያሉ፤ አንቲቦዲውንም ወደሚኖሩበት ፈሳሽ ይለቃሉ። ፈሳሹ ከሴሎቹ ተለይቶና ተጣርቶ አንቲቦዲን የሚይዘው ፕሮቲን ኤ በተጣበቀበት ኮለም (ማጣሪያ ቱቦ) ውስጥ ሲያልፍ አንቲቦዲው እዚያው ይቀራል። የሚለቀው አሲድነቱ ፒ ኤች 3 አካባቢ የሆነ ፈሳሽ ሲወርድበት ነው፤ አሲዱ አንቲቦዲውን እንዳይጎዳው መቀበያ ቱቦዎቹ ውስጥ አስቀድሞ ጥቂት ትሪስ (አሲዱን የሚያለዝብ ኬሚካል) ይጨመራል። ከእያንዳንዱ ቱቦ አንዲት ጠብታ ተወስዳ ፕሮቲን ሲያገኝ ሰማያዊ በሚሆነው ቡናማ የብራድፎርድ ፈሳሽ ላይ ስትጨመር የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ቡናማ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ከዚያ አንዱ ይጠቁራል፤ ቀጣዩ ላይ ጠብታዋ ገና ስትነካው ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ቱቦ አንቲቦዲውን የያዘው ነው። በማግስቱ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ጄል ላይ ሲታይ፣ ሰንሰለቶቹ ሳይለያዩ 150 ኪሎዳልተን ላይ አንድ መስመር፣ ሲለያዩ ደግሞ 50 እና 25 ላይ ሁለት መስመሮች መታየት አለባቸው፤ ሦስተኛ መስመር ከታየ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የሚገኘው መጠን እንደ አንቲቦዲው ይለያያል፤ ከአንድ ሊትር አሥር ሚሊግራምም ብዙ መቶ ሚሊግራምም ሊወጣ ይችላል። ለአንድ ፈጣን መመርመሪያ የሚያስፈልገው አንቲቦዲ ጥቂት ማይክሮግራም ስለሆነ፣ አንድ ግራም ለመቶ ሺዎች መመርመሪያዎች ይበቃል።

ሪኮምቢናንት መሆን ብቻውን ጥሩ አንቲቦዲ አያደርግም፤ ይህን ማለት የግድ ይላል። መጥፎ አንቲቦዲም በጽሑፍ ሊቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አይካሮስ (YCharOS) የተባለ የትብብር ቡድን ጥናት 65 ፕሮቲኖችን እንይዛለን የሚሉ 614 ለገበያ የቀረቡ አንቲቦዲዎችን፣ ዒላማው ያለበትንና ሆን ተብሎ የጠፋበትን ሴል ጎን ለጎን በማስቀመጥ ፈትኗል። ብዙዎቹ የሚሉትን አይሠሩም ነበር፤ በማይሠሩ አንቲቦዲዎች የተገኘ ውጤት የያዙ የታተሙ ጽሑፎችም ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ አሥራ ሁለት ገደማ ተገኝተዋል። በዚህ ፈተና ሪኮምቢናንቶቹ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች ሪኮምቢናንት ብለው እየሸጡ ቅደም ተከተሉን በምስጢር ይይዛሉ፤ ለእኔ ይህ ዋናውን ጥቅም ግማሽ በግማሽ የሚያስቀር ነው። አምራቹ ሥራውን ካቆመ ወይም ዕቃው ከካታሎግ ከወጣ ገዢው ተመልሶ ባዶ እጁን ይቀራል።

በእኛ አካባቢ የአንቲቦዲ ጉዳይ በሕይወት ላይ የሚወስን መሆኑን የሚያሳየው ወባ ነው። በቃሉ፣ በጨፋና በባቲ ቆላ ለሚሠራ ባለሙያ ፈጣን መመርመሪያው የዘወትር መሣሪያ ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ በብዛት የተሰራጩት መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተውሳክ የሚለዩት ኤች አር ፒ 2 የተባለውን ፕሮቲኑን በመያዝ ነው። ይህ ፕሮቲን አንድ ዓይነት አጭር ቅደም ተከተል ደጋግሞ ስለሚይዝ በአንዱ ሞለኪውል ላይ ብዙ አንቲቦዲዎች ሊያርፉ ይችላሉ፤ የምርመራው ከፍተኛ ስሜታዊነትም (ጥቂቱን እንኳ የመለየት አቅሙ) ከዚህ ይመጣል። ተውሳኩ ግን ይህን ዘረ መል ጥሎ መኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመውና አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን የሸፈነው ጥናት በኤች አር ፒ 2 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶ የሚሆኑትን በዘረ መሉ መጥፋት ምክንያት ሊያልፋቸው እንደሚችል ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ይህ መጠን ከ5 በመቶ ሲበልጥ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ አንቲቦዲውን ማሻሻል አይቻልም ወይ ብለው ነው። የሌለን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ የለም፤ የሚያስፈልገው ሌላ ዒላማ ነው። ያ ዒላማ ተውሳኩ ሊጥለው የማይችለው ኤል ዲ ኤች የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ኃይል የሚያገኘው በእሱ ነውና። በኤል ዲ ኤች ላይ የተመሠረቱ ምርመራዎች ግን በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ሲሆን ስሜታዊነታቸው በአብዛኛው ዝቅ ያለ ሆኖ ቆይቷል። የሪኮምቢናንት ዘዴ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ የአንቲቦዲው ፊደላት በእጅ ስላሉ ከስድስቱ ቀለበቶች ላይ ጥቂቶቹን ለዋውጦ፣ በፋጅ ላይ አውጥቶ፣ አጥብቀው የሚይዙትን እየመረጡ መሄድ ይቻላል። ሃይብሪዶማን እንዲህ ማረም አይቻልም፤ የሰጠውን መቀበል ብቻ ነው።

ለወሎ የበለጠ ቅርብ የሚመስለኝ መንገድ ግን በየሰኞው ባቲ ገበያ ላይ በሚቆመው እንስሳ ደም ውስጥ ያለው ነው። በብራስልስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ግመል ከተለመዱት አንቲቦዲዎች ሌላ ቀላል ሰንሰለት የሌላቸው፣ በከባድ ሰንሰለት ብቻ የተሠሩ አንቲቦዲዎች እንዳሉት አሳዩ። የእነዚህ አንቲቦዲዎች መያዣ ጫፍ ለብቻው ሲወሰድ ናኖቦዲ ይባላል፤ ክብደቱ 15 ኪሎዳልተን፣ ማለትም የሙሉው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሁለት ሰንሰለት ማጣመር ስለማያስፈልገው ተራው ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ሊያመርተው ይችላል። ብዙዎቹ ሙቀትን የሚቋቋሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከፍ ባለ ሙቀት ተፈትተው ሲቀዘቅዙ ወደ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። ከቀትር በኋላ የጤና ኬላ መጋዘን እንደ ምድጃ ለሚግልበት ቆላ ይህ ባሕርይ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩም ከአቅማችን የራቀ አይደለም። ግመሏ በየሳምንቱ ለሳምንታት ትከተባለች፤ ከዚያ ደም ይቀዳላታል፤ አትታረድም፣ ወደ መንጋዋም ትመለሳለች። ከደሟ ነጭ ሴሎች የናኖቦዲዎቹ ዘረ መል በፒ ሲ አር ይወጣና በፋጅ ላይ ይጫናል፤ የተመረጠው ኢ ኮላይ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን በሁለቱ ሽፋኖቹ መካከል ስለሚያከማቸው በስኳር ፈሳሽና በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ እንዲለቀው ማድረግ ይቻላል፤ ማጣሪያውም ተራ የኒኬል ኮለም ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሞቂያም ሆነ ውድ የሴል ምግብ አያስፈልግም። ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው የአንድ ቀን የባክቴሪያ እርባታ ብቻ ነው፤ ነገ ከደረቀው ፕላስሚድ እንደገና ይጀመራል። በሙሉ አይ ጂ ጂ ከመጀመር ይልቅ በዚህ መጀመር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የደም ዓይነት መለያዎቹን በመሳሰሉት ላይ ግን ተስፋ አላበዛም፤ ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ ለማያያዝ የተመረጡት አይ ጂ ኤም የተባሉት ባለ አሥር መያዣ ግዙፍ አንቲቦዲዎች ስለሆኑ ለሪኮምቢናንት አመራረት አስቸጋሪ ናቸው፤ ሃይብሪዶማው እዚያ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል።

የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ ላይ መኖሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ዒላማ ለመምረጥ ይረዳል። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ለወሎ አርቢ ቤቱን የሚያራቁት በሽታ ነው፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት አቅደዋል። የሚታወቀው የሴረም ምርመራው የሚሠራው በፉክክር ነው፤ የእንስሳው ሴረም ከኪቱ (ከምርመራ ዕቃው) ሞኖክሎናል፣ ማለትም አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ አንቲቦዲ ጋር ለአንድ የቫይረስ ፕሮቲን ይሻማል፤ በሽታው የነካው ወይም የተከተበ እንስሳ ከሆነ ቀለሙ ይደበዝዛል። ያ አንድ አንቲቦዲ ከሌለ ኪቱ የለም፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

የቫይረሱ ኤን ፕሮቲን ቅደም ተከተል ለማንም ክፍት ነው፤ ፕሮቲኑን በኢ ኮላይ ማምረት ስለሚቻል ሕያው ቫይረስ መንካት አያስፈልግም፤ ግመሏም ሩቅ አይደለችም። በዩኒቨርሲቲና በላቦራቶሪ መካከል ለሚደረግ የጋራ ሥራ፣ ለሁለትና ለሦስት የማስተርስ ተማሪዎች መመረቂያ የሚሆን ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገኝ በምስጢር ሳይያዝ ወዲያው ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። ናኖቦዲው ይሠራል የሚባለውም አሁን በእጃችን ካለው ኪት ጋር፣ በተመሳሳይ የበግና የፍየል ሴረም ላይ፣ የትኛው ሴረም ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ መርማሪው ሳያውቅ ጎን ለጎን ተሠርቶ ውጤቱ ሲስማማ ነው።